በቀኑ የተከፈለ ዕዳ

በአሜሪካ በሚኖሩ ሃይማኖተኛ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ክሬዲት ካርድ በሁለት ዓይን ሲታይ ይስተዋላል። አንዱ ወገን «ዕዳ ውስጥ አልገባም» ብሎ ጭራሹን ይሸሸዋል፤ ደመወዙን በዴቢት ካርድና በጥሬ ገንዘብ እያብቃቃ ይኖራል፤ ይህንንም ከጽድቁ ይቆጥረዋል። ሌላው «እዚህ አገር ያለ ዕዳ አይኖርም» ብሎ እጁን ይሰጥና አምስት ስድስት ካርድ ይዞ በየወሩ ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ እየከፈለ ይገፋል፤ ይህንንም እንደ ስደት ዕጣው ይቀበለዋል። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ካርድ መያዝና በዕዳ መኖር አንድ ነው ብለው ያምናሉ። እኔ ይህ እምነት ስሕተት ነው እላለሁ። የሃይማኖት አባቶች ስለ ብድር ያስተማሩትን በጥሞና ለመረመረ ሰው፣ በቀኑ ሙሉ በሙሉ የሚከፈል ዕዳ እነሱ ካወገዙት ዕዳ ጋር አንድ አይደለም። እንዲያውም እንግዳ በሆነበት አገር ለሚኖር ሰው ቃል አክባሪነቱ የሚመዘገብበት ዋናው መንገድ ይኸው ነው።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዕቁብን እንውሰድ። ሃያ ሰዎች በየወሩ እኩል እያዋጡ ዕጣ ሲያወጡ፣ በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰው ከራሱ መዋጮ ሌላ የዐሥራ ዘጠኝ ሰው ገንዘብ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሒሳብ ካየነው ይህ ሰው ተበዳሪ ነው፤ እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ የሚከፍለው ዕዳውን ነው። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ለሌሎቹ ሁሉ ሲያበድር የከረመ ነው። ነገር ግን ዕቁብ ቀድሞ በመብላቱ ንስሐ ግባ የተባለ ሰው አይታወቅም። ምክንያቱም ወለድ የለበትም፤ የሚከፈልበት ቀን አስቀድሞ ታውቋል፤ ዋስ ቀርቦበታል፤ ሰውየውም ከዐቅሙ በላይ የሆነ ዕቁብ አልገባም። የሰፈሩ ባለ ሱቅ ደብተሩ ላይ ጽፎ በዱቤ የሰጠው ዘይትና ስኳርም ደመወዝ ሲወጣ እስከተከፈለ ድረስ ማንንም አያሳፍርም። ወለድ አለመኖሩ፣ ቀኑ መታወቁ፣ ዋስ መኖሩና ልኩ መጠበቁ ሲሟሉ ኅሊናችን ዕዳን እንደ ነውር አያየውም። ጥያቄው እንግዲህ ክሬዲት ካርድ እነዚህን አራት ነገሮች ሊያሟላ ይችላል ወይ የሚለው ነው።

በመጀመሪያ የተከለከለው ምን እንደሆነ እንይ። ኦሪት ዘጸአት ለድኻ ወገኑ የሚያበድር ሰው ወለድ እንዳይጭንበት ያዝዛል፤ ኦሪት ዘሌዋውያንም የደኸየውን ወንድም ደግፎ ማኖርን ከዚሁ ትእዛዝ ጋር አያይዞታል። ሕጉ ብድርን ግን አልከለከለም። ወንጌልም ሊበደር የመጣውን ሰው ፊት እንዳይነሱት ያስተምራል። ማበደር በጎ ሥራ ከሆነ መበደር በራሱ ኃጢአት ሊሆን አይችልም፤ አለዚያ አንዱ በጸደቀ ቁጥር ሌላው ሊኮነን ነው። በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤም በቀኖናው ያወገዘው ወለድ የሚበሉ ካህናትን ነው። በቁርኣን ደግሞ አራጣን አጥብቆ የሚከለክለውን የሱረቱል በቀራህ ክፍል ወዲያው ተከትሎ የሚመጣው፣ ከአንቀጾቹ ሁሉ ረጅሙ፣ እስከተወሰነ ጊዜ የሚቆይ ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት የሚያዝዘው ነው። ክልከላውና የአጻጻፉ ሥርዓት ጎን ለጎን መቀመጣቸው ዕዳ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ያሳያል።

ከሁሉም ይበልጥ ነገሩን ግልጽ የሚያደርገው የነህምያ መጽሐፍ አምስተኛው ምዕራፍ ነው። ከምርኮ የተመለሱት አይሁድ በረኀብ ዘመን እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን አስይዘው እህል ገዙ፤ ለንጉሡም ግብር ተበደሩ፤ በመጨረሻ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸውን ለባርነት አሳልፈው ሰጡ። ነህምያ የተቆጣው በመበደራቸው አልነበረም። ቁጣው በገዛ ወገናቸው ችግር ላይ ባተረፉት መኳንንት ላይ ነበር፤ እርሻውንና ቤቱን ከገንዘቡ መቶኛ እጅ ጋር እንዲመልሱ በመሐላ አሰራቸው። ብዙ ተርጓሚዎች ያን መቶኛ እጅ የወር ወለድ አድርገው ይረዱታል። እንዲያ ከሆነ በዓመት 12 በመቶ መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ተዋዋዮች ሊስማሙበት የሚችሉትን የብድር ወለድ ጣሪያ ያስቀመጠው በዚሁ 12 በመቶ ላይ ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት አራጣን በመቃወም በሰጠው ስብከት ግን አበዳሪውን ብቻ ገሥጾ አላለፈም፤ ወደ ተበዳሪውም ዞሯል። መከራከሪያው እስከ ዛሬ አልደከመም። የምትከፍልበት ካለህ በዚያው ችግርህን ለምን አትወጣም? ከሌለህ ደግሞ በችግር ላይ ችግር ትጨምራለህ፤ ስለዚህ ዕቃህን ሽጥ፣ በእጅህ ሥራ፣ አትበደር ይላል። ካርድን በጥሬው የሚጠላ ሰው ከዚህ የተሻለ ጠበቃ አያገኝም። የባስልዮስ መንታ ጥያቄ ሁለተኛ ክፍል፣ ማለትም የሌለው ሰው አይበደር የሚለው፣ ለክሬዲት ካርድ ያለ ምንም ማሻሻያ ይሠራል። የሚያነጋግረው የመጀመሪያው ነው። የሚከፍለው ያለው ሰው ለምን ይበደራል? በባስልዮስ ዘመን ለዚህ መልስ አልነበረም። ዛሬ ግን አለ፤ ሰው የሚበደረው ገንዘብ አጥቶ ብቻ ሳይሆን ለታማኝነቱ ምስክር ስላጣም ነው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ ወለዱና ስለ ቀኑ ልናገር። ክሬዲት ካርድ በአንድ ወር ውስጥ የተገዛውን ሁሉ ደምሮ የወር መግለጫ ያወጣል። የ2009 የአሜሪካ ሕግ መግለጫው ከክፍያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ እንዲላክ ያስገድዳል። (ከፍትሐ ብሔር ሕጉ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ቀን ሙሉውን የከፈለ ሰው በአብዛኞቹ ካርዶች ለገዛው ዕቃ አንድ ሳንቲም ወለድ አይከፍልም። ስለዚህ ካርዱ በውስጡ ሁለት የተለያዩ ውሎችን ይዟል ማለት ይቻላል። እስከ ክፍያው ቀን ድረስ የባለ ሱቁ ዱቤ ነው፤ ከዚያ ቀን ማግስት ጀምሮ ግን አራጣ ይሆናል። ካርዱ ያው፣ ባንኩም ያው ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የተጠቃሚው ተግባር ነው። ብዙዎች ስለ ካርድ ሲከራከሩ የማይግባቡት አንዱ ስለ መጀመሪያው ውል፣ ሌላው ስለ ሁለተኛው ስለሚናገር ይመስለኛል።

ፈላስፋዋ ሐና አረንት በ1958 ባሳተመችው «ዘ ሂዩማን ኮንዲሽን» በተሰኘው መጽሐፏ፣ ሰው ነገ የሚሆነውን ስለማያውቅ ያለው አንዱ መድኃኒት ቃል መግባትና ቃልን መጠበቅ ነው ስትል ተከራክራለች። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ ከተማ ለ60,000 ያህል ነዋሪዎች፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ካርድ በፖስታ ላከ፤ ካርዱ ከ1976 ጀምሮ ቪዛ የሚባለው ነው። ከተጠበቀው በላይ ብዙ ሰው ሳይከፍል ቀረ፤ ማጭበርበሩም በዛ። የሚገርም አይደለም፤ ቃል ያልገባ ሰው የሚጠብቀው ቃል የለውምና። የአሜሪካ ምክር ቤት ያልተጠየቀ ካርድ መላክን በ1970 ከለከለ። ያ ክልከላ ከንግድ ሕግነቱ ባሻገር ሥነ ምግባራዊ ትርጉም አለው፤ ሰው የሚጠየቅበት ዕዳ አስቦ፣ ፈርሞና ወስኖ የገባበት ብቻ ነው። ካርድ ለማግኘት የሚያመለክት ሰውም ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይሰጡኝ ይሆን?» የሚለው አይደለም፤ «ይህን ቃል ልጠብቀው እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው። ደግነቱ ዕድሜው 21 ያልሞላ ሰው የራሱ የመክፈል ዐቅም እንዳለው ካላሳየ ወይም ተባባሪ ፈራሚ ካላቀረበ ካርድ እንዳይሰጠው ያው የ2009 ሕግ ደንግጓል።

አሁን ወደ ዋሱ። በአገራችን የብድር ምሰሶ ዋስ ነው። ዕቁብ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል፤ ሥራ የሚቀጠር ሰው ዋስ ይጠራል፤ የታሰረ ሰው በዋስ ይለቀቃል። መጽሐፈ ምሳሌ ለሌላ ሰው ዋስ መሆንን ደጋግሞ ያስጠነቅቃል፤ ዋሱ የተኛበት አልጋ ሳይቀር ሊወሰድበት ይችላል። በሌላ በኩል ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው አጭር መልእክት ስለ ኮበለለው ባሪያ ስለ አናሲሞስ ሲማልድ፣ የበደለህ ወይም ዕዳ ያለበት እንደሆነ በእኔ ላይ ቍጠረው ብሎ በገዛ እጁ ጽፎ ዋስ ይሆንለታል። ሁለቱ ትምህርቶች እርስ በርስ አይጣሉም፤ ዋስ መሆን ትልቅ ፍቅር ነው፤ ትልቅ ስለሆነም ከማንም ላይ እንደ መብት አይጠየቅም። በዲቪ ወይም በጥገኝነት አሜሪካ የገባ ሰው የገጠመው ችግር ይኸው ነው። በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር መንደሩ ስሙን የሚያውቅለት፣ የአባቱን ስም ጠርቶ «የእሱ ልጅ ከሆነ አይክድም» የሚልለት ሽማግሌ ነበረው። እዚህ ግን ከዜሮ ይጀምራል። ዘመዶቹም ወይ ገና ራሳቸውን ያልቻሉ ናቸው፣ ወይ ለሦስት ሰው ፈርመው የደከሙ።

ያ ዜሮ ዋጋ ያስከፍላል። የአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በ2015 ባወጣው ጥናት 26 ሚሊዮን ያህል ጎልማሶች በታላላቆቹ የክሬዲት መዝጋቢዎች ዘንድ ምንም የብድር ታሪክ እንደሌላቸው ገልጿል። ታሪክ የሌለው ሰው ቤት ሲከራይ ተጨማሪ ማስያዣ ይጠየቃል፤ መኪና በብድር ሲገዛ ከፍ ያለ ወለድ ይጫንበታል፤ ካሊፎርኒያን፣ ማሳቹሴትስንና ሃዋይን ከመሳሰሉት ጥቂት ግዛቶች በቀር የመኪና መድኅን ዋጋው እንኳ ከዚሁ መዝገብ ጋር ይያያዛል። ዕድሜውን ሙሉ ዕዳ የሸሸ ጠንቃቃ ሰው ዕዳ ካልከፈለ ሰው ብዙም ያልተሻለ ሆኖ የሚታይበት ሥርዓት ነው። ይህ ፍትሕ ነው አልልም፤ ግን ያለው ሥርዓት ይህ ነው። መውጫውም ለድኻ የተዘጋ አይደለም። ታሪክ የሌለው ሰው ሁለት ወይም ሦስት መቶ ዶላር አስይዞ በዚያው ልክ የሚሰጥ ካርድ ማግኘት ይችላል። ይህን ካርድ የያዘ ሰው ለራሱ ዋስ የሆነ ሰው ነው፤ ያስያዘው ገንዘብ የራሱ፣ የሚያስመሰክረው ቃልም የራሱ። አበዳሪዎች የሰውን ታማኝነት በሚመዝኑበት፣ ከ300 እስከ 850 በሚደርሰው የፊኮ ነጥብ ውስጥ ትልቁ ድርሻ፣ 35 በመቶው፣ በቀኑ መክፈልን ብቻ የሚመለከት ነው። የባስልዮስን ጥያቄ የምመልሰው በዚህ ነው። የሚከፍለው ያለው ሰው የሚበደረው ገንዘቡን ፈልጎ አይደለም፤ መመለሱ እንዲመዘገብለት ነው። ቃሉን የሚመሰክርለት ሽማግሌ ስለሌለው ወራቱን ምስክር ያደርጋቸዋል።

ሌላም ጥቅም አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። ክሬዲት ካርዱ የተሰረቀበት ሰው ሕጉ የሚያስጠይቀው ቢበዛ 50 ዶላር ነው። የዴቢት ካርድ ከሆነ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካላሳወቀ እስከ 500 ዶላር፣ መግለጫው ከተላከለት ከ60 ቀን በላይ ከዘገየ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚወሰደውን ሁሉ ሊያጣ ይችላል። በክሬዲት ካርድ የተወሰደው የባንኩ ገንዘብ ነው፤ በዴቢት የተወሰደው ግን የቤት ኪራዩ ነው። ለቤተሰብ አስተዳዳሪ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

አራተኛው ነገር ልክ ነው፤ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። በማኅበረሰባችን መካከል የሚዘዋወር አንድ ምክር አለ፤ «ክሬዲት እንዲገነባ ትንሽ ዕዳ አስቀርበት» ይላል። ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው። ነጥቡ ወለድ መክፈልን አይሸልምም፤ ሙሉውን የከፈለም ዝቅተኛውን የከፈለም በቀኑ ከፋዮች ተብለው ይመዘገባሉ፤ ያስቀረው ሰው ያተረፈው ወለዱን ብቻ ነው። እንዲያውም ቀጥሎ ያለው ትልቁ ድርሻ፣ 30 በመቶው፣ ያለበትን ዕዳ መጠን የሚመለከት ስለሆነ ከተፈቀደለት ጣሪያ ብዙውን የተጠቀመ ሰው ነጥቡ ይወርዳል። በ2023 እና በ2024 የአሜሪካ ካርዶች አማካይ ወለድ ከ20 በመቶ በላይ ነበር። ቅድም በልብ ይያዝ ያልኩት 12 በመቶ እዚህ ላይ ያስፈልጋል፤ ነህምያ በመሐላ ካስመለሰውና የአገራችን ሕግ ካስቀመጠው ጣሪያ አልፎ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በ21 በመቶ ወለድ የ3,000 ዶላር ዕዳ ያለበት ሰው በየወሩ ወለዱንና ከዋናው አንድ በመቶ፣ ሲያንስም 35 ዶላር ብቻ ቢከፍል፣ አንድም ነገር ሳይጨምር ለመጨረስ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ የሚከፍለውም ወለድ ከዋናው ገንዘብ ይበልጣል። ሕጉ ባንኩ ይህን ዓይነቱን ስሌት በየወሩ መግለጫ ላይ እንዲጽፍ ያስገድደዋል፤ ግን ስንቱ ሰው ያነበዋል? ሙሉውን ያልከፈለ ሰው ከወለድ ነጻ የሆነውን ጊዜም ያጣል፤ አዲስ የሚገዛው ሁሉ ከገዛበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጠርበታል። በካርዱ ጥሬ ገንዘብ ሲያወጣ ደግሞ ቀድሞም የሚታለፍለት ቀን የለውም።

ከልክ መውጣት ብዙ ጊዜ በስግብግብነት አይመጣም። በእኛ ዘንድ በአብዛኛው የሚመጣው በይሉኝታና በፍቅር ነው። እናት ታመመች ይባልና በካርድ ገንዘብ ይላካል፤ ያን መሰሉን ግብይት ብዙ ካርድ ሰጪዎች እንደ ጥሬ ገንዘብ ስለሚቆጥሩት ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል። የአጎት ልጅ ስልክ ሲፈልግ በዘመዱ ካርድ ይገዛል፤ በሕግ ፊት ግን በዕዳው የሚጠየቀው የካርዱ ባለቤት ነው። ሰርግ፣ ክርስትና፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሁሉም በካርዱ ላይ ይወድቃል። ቸርነት በጎ ነው፤ ሆኖም በራስ ባልሆነ ገንዘብ የተደረገ ቸርነት የቸርነትን ዋጋ ለሌላ ሰው ያስተላልፋል፤ ብዙ ጊዜም የሚከፍሉት በቤት ውስጥ ያሉት ልጆች ናቸው። ጳውሎስ በእኔ ላይ ቍጠረው ብሎ የጻፈው ራሱ ሊከፍል ቃል እየገባ ነው። ሰጪው ከደመወዙ ሊከፍለው የማይችለውን በካርዱ ላይ ከቈጠረ ግን ዋስ መሆኑ ቀርቶ መጽሐፈ ምሳሌ ባስጠነቀቀው ወጥመድ ውስጥ ሁለተኛ ሰው ሆኖ ገባ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ሰው እንደምታስበው ጠንካራ አይደለም፤ ካርዱ ራሱ ልቡን ያላላዋል ይባላል። እውነት አለው። ድራዘን ፕሬሌክና ደንከን ሲመስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2001 ባሳተሙት ጥናት ለስፖርት ጨዋታ ትኬት ጨረታ አድርገው፣ በካርድ እንደሚከፍሉ የተነገራቸው ሰዎች በጥሬ ገንዘብ ከሚከፍሉት እስከ እጥፍ የሚደርስ ዋጋ ሊሰጡ እንደሚችሉ አሳይተዋል። በ2023 የአሜሪካውያን የካርድ ዕዳ ከአንድ ትሪሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ ካርድ ከያዙትም ወደ ግማሽ የሚጠጉት ከወር ወር ዕዳ የሚያሻግሩ ናቸው። ይህን ቁጥር አይቶ «ለግማሹ ሰው ወጥመድ የሆነ ነገር መልካም ነው አትበሉኝ» የሚል ሰው መልስ ይገባዋል። መልሴ ፈተና ያለበት ነገር ሁሉ ይወገድ ማለት አይደለም የሚል ብቻ አይደለም፤ ያ ቀላል መልስ ነው። የእኔ ነጥብ ሃይማኖት ለዚህ ዓይነት ድካም ሥርዓት አለው የሚል ነው። ጾም የሚሠራው ምእመኑ በየሰዓቱ ብርቱ ስለሚሆን አይደለም፤ ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ ስለተወሰነ ነው፤ ምን ይበላል ብሎ ገበታ ፊት ተቀምጦ አይከራከርም። በካርድም እንዲሁ ነው። ሙሉው ሒሳብ በየወሩ በራሱ ከባንክ እንዲከፈል የታዘዘበት፣ ለነዳጅና ለአስቤዛ ብቻ የተወሰነ፣ ጣሪያው ዝቅ ተደርጎ የተያዘ ካርድ ፈተናው በአብዛኛው ተነሥቶለታል። ይህን ሥርዓት ሁለት ጊዜ ሞክሮ ያልሆነለት ሰው ግን ባስልዮስን ይስማ፤ ካርዱን ቈርጦ ዕዳውን ይክፈል። ለእሱ ታሪክ መገንባት ይቅርበት ብል አላፍርም።

ከሙስሊም ወገን የሚመጣው ተቃውሞ ከዚህ ይረቃል። የእስልምና ጉባኤ ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ በ2000 በሪያድ ባደረገው ጉባኤ፣ በውሉ ውስጥ ወለድ የተደነገገበትን፣ ሽፋን ገንዘብ የሌለው ክሬዲት ካርድ መጠቀም እንደማይፈቀድ ወስኗል፤ ተጠቃሚው በቀነ ገደቡ ሊከፍል ቢያስብም እንኳ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ባይተገብረውም ሐራም በሆነ ውል ላይ መፈረም ራሱ ነውር ነው። ይህ ከእኔ ክርክር ጋር በቀጥታ ይጋጫል፤ እኔ ያልኩት የካርዱን ጠባይ የሚወስነው ተግባሩ ነው፣ አካዳሚው የሚለው ውሉ ነው። በአስገዳጅ ሁኔታ ያለን ሰው በተመለከተ የተለየ አስተያየት ያላቸው ሊቃውንት አሉ፤ ያንን የሚመዝነው ግን አማኙና የሚጠይቀው ሊቅ እንጂ የጋዜጣ ጸሐፊ አይደለም። ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ነገር መመስከር ነው። ውሉን የሚፈራው ሰው ከእኔ ይልቅ ለቃል ክብር የሚሰጥ ሆኖ ይታየኛል፤ ፊርማውን ከወረቀቱ አልፎ ያየዋልና። እሱን ለማሳመን የምሞክርበት ምክንያት የለኝም። ወለድ በሌለው የኪራይ መዝገብ ታሪኩን ሊያስመዘግብ ከቻለ መንገዱ ያ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ሰውን በቁጥር መመዘን ክብሩን ይነካል የሚል ነው። ሽማግሌው ሲመሰክር ሙሉውን ሰው ያያል፤ ልጁ ስለታመመበት ዘገየ ይላል። ቁጥሩ ግን ሰበብ አይሰማም። እውነት ነው። ነገር ግን ሽማግሌው ዘር ይቈጥራል፣ ቂም ይይዛል፣ ሴትን ያለ ባሏ አያውቃትም። በአሜሪካም ባለትዳር ሴት ካርድ ስትጠይቅ የባሏን ፊርማ አምጪ መባሏ የተለመደ ነበር፤ በጾታና በትዳር ሁኔታ ብድር መከልከልን ሕግ ያገደው በ1974 ነው። ቁጥሩ ምሕረት የለውም ማለትም ሙሉ እውነት አይደለም። በ1970 የወጣው የክሬዲት መዝገብ ሕግ አብዛኛው መጥፎ መረጃ ከሰባት ዓመት በኋላ ከመዝገቡ እንዲወጣ ያዝዛል። ኦሪት ዘዳግምም ዕዳ የሚሰረዘው በሰባተኛው ዓመት ነው ይላል። ሕግ አውጪዎቹ ያንን አስበው ነው ብዬ አልከራከርም፤ መገጣጠሙ ግን ደስ ያሰኘኛል።

የቀረው ተቃውሞ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ነው። በቀኑ የሚከፍለው ሰው የሚያገኘው ተመላሽ ገንዘብና ነጻ የአንድ ወር ብድር ከየት ይመጣል? የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ነጋዴዎች የካርዱን ወጪ በዋጋ ላይ ስለሚጨምሩት በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ቤተሰብ በዓመት በአማካይ 149 ዶላር ያህል ለካርድ ተጠቃሚዎች እንደሚያሸጋግር፣ ካርድ ተጠቃሚው ቤተሰብ ደግሞ 1,133 ዶላር ያህል እንደሚቀበል ገምተዋል። ጥቅሙም በአብዛኛው ከድኻው ወደ ሀብታሙ የሚፈስ ነው። በዚህ ላይ ዕዳ የሚያሻግሩት ሰዎች የሚከፍሉት ወለድ ይጨመራል። እንግዲህ አራጣ ያልከፈለው ጠንቃቃ ሰው አራጣ ከከፈለው ጎረቤቱ ገበታ ላይ ትንሽ ይቈርሳል ማለት ነው። ይህን በበጎ አድራጎት አካክሰዋለሁ ማለት አያጥበውም። ቢሆንም ታሪክ መገንባትና ሽልማት መሰብሰብ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው፣ ወር ከወር በትንሽ ግዢ ይፈጸማል፤ ያለ ሽልማት ነጥብም ይፈጸማል። ሁለተኛው ትርፍ ነው፤ ሊተውት ይቻላል። ባለ ብዙ ክፍያ የጉዞ ካርድ እየቀያየረ ነጥብ የሚያድን ሰው ስለ ታማኝነት ያለኝን ክርክር እንዳይጠቅስብኝ እፈልጋለሁ። በትልቁ የገበያ ማዕከል ካርዱን የሚጠቀም ሰው፣ ከሀበሻው ሱቅ በርበሬና እንጀራ ሲገዛ ጥሬ ገንዘብ ወይም ዴቢት ቢከፍል ለባለ ሱቁ የሚቈረጥበትን ሁለት ሦስት በመቶ ያስቀርለታል ወይም ይቀንስለታል፤ በታላላቅ ባንኮች የዴቢት ግብይት ላይ ሕግ በ2010 ጣሪያ እንዲወሰን ያዘዘው ይህን ክፍያ ነውና። ባለ ሱቁ ይህን ያውቀዋል፤ ከካርድ ይልቅ ጥሬ ገንዘብ ቢሆንልኝ ሲል የሚሰማውም ለዚህ ነው።